የጉሬዛው ጭራ

የልጅ ልጄ ከፓርክ ያነሳውን የጉሬዛ ፎቶ ሲያሳየኝ ሌላ ፎቶ ትዝ አለኝ።

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ልጅ ነበርሁ። አንድ የጣሊያን መኮንን ካሜራውን አንግቶ፣ ጉሬዛ አሳዩኝ ብሎ እኔንና አባቴን ቡሬ አጠገብ ወዳለው የደብራችን ደን ነዳን። አርበኛው አጎቴ እዚያ ዛፍ ላይ ተደብቆ ነበር። የጋቢው ጫፍ ከቅጠሉ መሀል ነጭ ሆኖ ተንጠልጥሏል። መኮንኑ አየውና ሽጉጡን መዘዘ።

«የጉሬዛ ጭራ ነው ጌታዬ፤ የታቦት ነውና አይተኮስበትም» አለ አባቴ።

ጣሊያኑ ስቆ ፎቶ አነሳና ሄደ። ተረፍን ስል አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «አይቶት ብቻ ቢሆን ይረሳው ነበር፤ ይዞት ሄደ እኮ» አለኝ። አልገባኝም።

በሳምንቱ ጣሊያኖቹ ፎቶውን ይዘው መጡ። ከጭራው በላይ የሰው እግር ይታያል። አጎቴ ሸሽቶ ነበርና አባቴን እዚያው ዛፍ ላይ ሰቀሉት።

«አባባ፣ ጭራው አያምርም?» ይለኛል ልጁ።

«ያምራል» አልሁት።