አባቴ የሚወደው ምላጭ

አባቴ ሁለት ምላጭ ነበረው። አንደኛው ታጣፊ፣ ባለ ቀንድ እጀታ፣ የውጭ አገር ሥራ ነው፤ አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር ለውለታው የሰጠው። ሌላውን የሰፈራችን ባለእጅ ከተሰበረ ሞረድ ቀጥቅጦ፣ የወይራ እጀታ ሰክቶ ሠርቶለታል። ባለ ቀንዱን ይወደዋል፤ በዚያኛው ይሠራበታል። “ከሁለቱ የቱ ይበልጣል?” ብሎ የጠየቀውን ሁሉ በንቀት ያየው ነበር። ለእሱ የሚወደው ነገር የሚበልጥ ነገር ነው፤ አለቀ።

ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። አሁን ስጽፍ አንቱታው እጄ ላይ አልመጣ አለ፤ ይቅር።

ከደብረ ወርቅ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን የወንድ ራስ የሚላጭ እሱ ብቻ ነበር። በገበያ ቀን ደግሞ ቁይ ከተማ ሄዶ ባሕር ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ቄሶቹና ደብተራዎቹ ከጥምጣማቸው ሥር ያለውን ራስ ለሌላ ሰው አይሰጡም። ሁሉም እጁን ያመሰግናሉ። ስለቱን የማወጣው ግን እኔ ነበርኩ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ምላጮቹን ድንጋይ ላይ እስላለሁ፣ ጠፍር ላይ አፋትጋለሁ፣ በክንዴ ፀጉር እሞክራለሁ። ክንዴ እንደ ሕፃን ክንድ ልሙጥ ነበር። በእኛ አገር ሴት ወንድን አትላጭም፤ ቄስንማ ጭራሽ። እኔ የምላጨው ባል ወይም ልጅ የሞተባቸውን ሴቶች ነበር። እነሱ ደግሞ እያለቀሱ ስለሚላጩ ማንም ስለ እጄ ልስላሴ ያወራ የለም።

ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ይማር ነበር። ለእረፍት ሲመጣ አባቴ በባለ ቀንዱ ይላጨዋል፤ ከካህናቱ ሌላ ያን ክብር ያገኘ እሱ ብቻ ነው። “ሎሚ የመሰለ ራስ!” ይላል እየዳበሰው። የእኔን ራስ ዳብሶ አያውቅም። ወንድሜ ክፉ አልነበረም፤ ሰነፍ ነበር። አንድ ነዶ ተሸክሞ አይቼው አላውቅም፤ አባቴም ተሸከም ብሎት አያውቅም።

ያን ጊዜ ስለ ኤድስ የማይለፈፍበት ቦታ አልነበረም። ወንድሜ የትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ሆኖ ነበርና አንድ ፋሲካ መጥቶ፣ “አባየ፣ ምላጮቹን ሰው በላጩ ቁጥር ይቀቅሏቸው፤ ደም ከደም ይነካካል” አለው። ልክ ነበር። አባቴ ግን ልጁ ባለው ልክ ብቻ መፈጸም አነሰበት።

“ለዚያኛው ውሃ ይበቃዋል” አለ። “ይኼኛውን ግን እሳት ነው የሚያነጻው።”

ፍም አስነፋኝና ባለ ቀንዱን እጀታውን ይዞ ስለቱን ፍሙ ውስጥ ከተተው። ሲያወጣው ብረቱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀለም ይዟል። “አየሽ እንዴት እንዳማረበት?” አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያ ምላጭ ስለት አልይዝ አለ። ጠዋት ስዬ ስሰጠው የሁለተኛው ሰው ራስ ላይ ይዶለዱማል። አንድ ቀን የአንድ ቄስ ጥምጣም በደም ተነከረ። አባቴ ቤት ሲገባ፣ “አንቺ ነሽ በድንጋይ የፈጀሽው” አለኝ።

“እሳቱ ነው አባየ። ብረቱን አለስልሶታል።”

በጥፊ መታኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። እሳቱን ጥፋተኛ ካደረገ ጥፋቱ ወይ ወደ ራሱ ወይ ወደ ልጁ ሊሄድ ነዋ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አባቴም ባለ ቀንዱን አልለቀቀም። ካህን ሲመጣ ያወጣዋል፣ ዘርግቶ ይወለውለዋል፣ ሰውየው በደንብ እስኪያየው ይጠብቃል፤ ከዚያ ጭኑ ላይ ያስቀምጠውና በባለእጁ ምላጭ ይላጨዋል። ሰውየው ራሱን እየዳበሰ ባለ ቀንዱን አመስግኖ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ፀጉር ቤት ያለው ሰው ለልቅሶ መጥቶ ምላጮቹን አየ። ሁለቱንም ክንዱ ላይ ሞከረና ባለ ቀንዱን መለሰለት። “ይቺኛዋን ይሽጡልኝ” አለ የባለእጁን ይዞ። “እንዲህ ያለ ስለት አይቼ አላውቅም። ማነው የሚስልልዎት?”

እኔ ውሃ ይዤ አጠገባቸው ቆሜአለሁ።

“እኔው ነኝ” አለ አባቴ። ቀጥሎም ሰውየው ዕቃ እንደማያውቅ ነግሮ ሳቀበት።

ያን ቀን ጠላሁት። “የልጄ እጅ ነው” እንዲል ነበር የምፈልገው፤ አንድ ጊዜ፣ ሰው በሰማበት። ከአባቴ ከዚህ ሌላ ነገር ፈልጌ አላውቅም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንድሜ ከማርቆስ ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተ። አለቀስኩ፤ የውሸት አልነበረም። እኔን አክስቴ ላጨችኝ። አባቴ እንደ ወንዶቹ ወግ ፀጉሩንም ጢሙንም ለቀቀው። አርባው ከወጣ በኋላ የንስሐ አባቱ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው፣ “ሐዘንም ልክ አለው፤ ይላጩ” አሉት። የእሱ እጅ ያን ጊዜ ኩባያ እንኳ አጥብቆ አይዝም። ማን ይላጭዎት ቢሉት በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን በሐዘን ቤት ደስ አለኝ። ሰው ፊት፣ ካህን ፊት፣ ራሱን ለእጄ ሰጠኝ። ውሃ አሙቄ፣ የባለእጁን ምላጭ ከወትሮው አብልጬ ስዬ መጣሁ።

“ያን መልሽው” አለኝ። “የኔን አምጪ።”

“አባየ፣ ይጎዳዎታል። ቆዳዎን ነው የሚያነሳው።”

“አምጪ አልኩሽ።”

አመጣሁ። ምላጩ ፀጉሩን ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም። ከማጅራቱ በላይ ቆዳው ተላጠና ደሙ በአንገቱ ወርዶ ጋቢው ላይ ገባ። ንቅንቅ አላለም። የንስሐ አባቱ ማየት አቅቷቸው፣ “ምነው በደህናው ብትላጭዎት?” አሉት።

አባቴ ራሱን ሳያዞር፣ እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ፣ ለእሳቸው መለሰላቸው።

“ሞትም ዕቃ ያውቃል፣ አባ። የምወደውን መርጦ ወሰደና የምሠራባትን ጣለልኝ።”

ባለ ቀንዱን መልሼ ራሱ ላይ አሳረፍኩት። ደህናውን ላምጣ ብዬ ዳግመኛ አልጠየቅሁትም። ገና ግማሽ ራሱ ይቀረኝ ነበር።