አሞራ ገደል ላይ የተንጠለጠለው ቀለህ

ባለፈው እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከባልደረባዬ ከሕይወት ጋር የዓሣ ሾርባ እየጠጣን ሳለ ደወሉ ተመታ። ጀልባ ደረሰ ማለት ነው። ገዢዎቹ ሳፋቸውን እያነሡ ወደ ውኃው ወረዱ። ሕይወት ሬዲዮ ጣቢያችን ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ የማታውቀውን ለመጠየቅ አታፍርም።

«ጋሼ፣ ያ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?»

«የመድፍ ቀለህ።»

«ቀለህ ደግሞ ምንድን ነው?»

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል፣ ናሱ ባዶውን ይቀራል፤ እሱ ነው ቀለህ አልኳት። የክላሹ ከጣት አይበልጥም፣ የመድፉ ግን ለደወል ይበቃል። ወደ ሾርባዬ ልመለስ ስል አንድ የክረምት ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ እኔም እንደ እሷ ጀማሪ ነበርኩ። የታቦር ተራራ ጉም ለብሷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ዳንጊሶ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ይህን ቀለህ ከቁራሌ ገዝቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ ባጃጅ ተሳፈረ። ሐይቁ በጉም ሲሸፈን ጀልባዎቹ ዳርቻውን ይስታሉና ደወል ሊያደርግላቸው ነው። ከእንጨት ያስጠረበውን መምቻ ደግሞ እንዳይጠፋበት ቀለሁ አፍ ውስጥ ሰካው። ሞላላው የእንጨት ጫፍ ብቅ ብሎ ሲታይ ያልተተኮሰ ጥይት ይመስላል። መንገድ ላይ ጆንያው ተገለጠ። ከጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ ጮኹ፣ ሹፌሩ ባጃጁን ጥሎ ሮጠ፣ ዳንጊሶ ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

አለቃዬ ጋሽ ታምራት ስልኩን ዘግተው፣ «ጻፍ! የመድፍ ጥይት ሲያዘዋውር የተገኘ ግለሰብ በቁጥጥር ሥር ዋለ» አሉኝ።

«ጥይት መሆኑን ማን አየ?»

«ፖሊስ ነዋ፣ አንተ ልጅ!»

«እነሱስ ቀርበው አዩት?»

ሰዓታቸውን አዩ። «ሂድና እይ። ለምሳው ዜና ግን እንዳትዘገይብኝ።»

ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ያ ነገር በአሸዋ ጆንያ ታጥሮ ዝናብ ይወርድበታል። የፈንጂ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም አይጠጋውም። በሩ ላይ የዳንጊሶ ባለቤት ወርቅነሽ ሕፃን አዝላ ቆማለች።

«ባዶ ነው፣ ወንድሜ። እናንተ በሬዲዮ ጥይት ነው ካላችሁ ግን ነገ ማን ከእኛ ዓሣ ይገዛል? ልጆቼስ የማን ልጆች ሊባሉ ነው?»

አዘንኩላት፤ ግን የእሷም ቃል ማረጋገጫ አይሆነኝም። ከአንድ ሱቅ ስልክ ደወልኩ።

«ጋሽ ታምራት፣ ባለሙያው አልመጣም። ጥይትም ቀለህም ማለት አንችልም።»

«ሌሎች ቢቀድሙንስ?»

«ይቅደሙን።»

በስልኩ ሲስቁ ሰማኋቸው። «ድፍረትህ! እሺ፣ ይቆይ።»

የምሳው ዜና ስለ ዝናቡና ስለ ጎርፉ አውርቶ አለፈ።

ባለሙያው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሁላችንንም ከአጥር ውጭ አስወጥቶ ብቻውን ገባ። ወርቅነሽ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እቅፏ ውስጥ ሸሸገችው። በመጨረሻ ሰውዬው እንጨቱን በእጁ ይዞ ወደ በሩ መጣ።

«ቀለህ ነው፣ ተተኩሶ ያለቀለት። ይሄ እንጨት ግን የምንድን ነው?»

«የደወሌ መምቻ!» አለ ዳንጊሶ ከፖሊሶቹ መሀል። «ከጠዋት ጀምሮ የምጮኸው ምን ብዬ ነው?»

ወርቅነሽ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ፖሊሶቹም ሳቁ። አንዱ ቀለሁን ተሸክሞ ባጃጅ እስኪይዙ ሸኛቸው። በማግስቱ ዜና የሠራሁት ስለ አሞራ ገደል አዲስ ደወል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዜና ጽፌያለሁ፤ የዚያን ቀን ሳይነበብ የቀረውን ያህል ደስ የሚለኝ የለም። ይህን ስነግራት ሕይወት ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሣች። ዛፉ ሥር ቆማ፣ ተንጠራርታ፣ እጇን ቀለሁ አፍ ውስጥ እስከ ክርኗ አስገባች።

«እህስ?» አልኳት ከተቀመጥኩበት።

«ባዶ ነው፣ ጋሼ» አለች። እጇን አውጥታ የተጣበቀባትን ድር አየችና፣ «ባዶ እንኳን አይባልም፤ ሸረሪት አለበት።»