የተውሶ ዴስክ እምቢ ያልን ለት

ቆቦ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ሁለቱም ልጆቼ ከከተማው ዳር ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ትልቋ ስድስተኛ፣ ትንሹ ሦስተኛ ክፍል ናቸው። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ሰብሳቢ ሲመረጥ አንዱ ተነሣና «ይሄ ሰው ጧትም ማታም በሩ ላይ አይጠፋም፤ እሱ ይሁን» አለ። እጅ ወጣ፤ ተመረጥኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቋረጠ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሚስቴ ላልሰማ ጎረቤት ሁሉ አሰማችልኝ።

በጦርነቱ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዴስኮች ማገዶ ሆነው አልቀዋል። በኋላ ትንሽ ቢሰጠንም ለትልልቆቹ ክፍሎች እንኳ በቅጡ አልዳረሰም። ትንንሾቹ ጆንያ አንጥፈው ወይም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚማሩት። ቀደም ሲል የመጡት የኢንስፔክሽን ሰዎችም «ከአገር አቀፉ ስታንዳርድ በታች ነው» ብለውን ሄዱ። እንደገና ሊመጡ መሆኑ ሲሰማ ርዕሰ መምህርቷ ወላጆችን ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ሰበሰቡን።

«ከጎረቤት ትምህርት ቤት ዴስክ በጋሪ እናስመጣና ሰዎቹ ሲሄዱ እንመልሳለን» አሉ። «ደረጃችን አሁንም ካልተሻሻለ መምህራኑ ተስፋ ይቆርጣሉ።»

ለራሳቸው ብለው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሌት ተቀን የሚለፉ ሴት ናቸው። ብዙው ሰው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ስብሰባውን ልዘጋ ስል ከኋላ አንዲት እናት ተነሣች። ገበያ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ናት፤ ልጇ ከትንሹ ልጄ ጋር ትማራለች።

«ልጄ ሰዎቹ ሲመጡ ዴስክ ላይ፣ ሲሄዱ ተመልሳ ድንጋይ ላይ ልትቀመጥ ነው?» አለች። «ያን ቀን ምን ተማርሽ ብላት ምን ትለኛለች? መዋሸት ተማርኩ ትበለኝ?»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አባት፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ወላሂ እውነቷን ነው» አሉ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ዞረው። «ልጄ፣ ለእንግዳ ምንጣፍ መዋስ ያለ ነው። ይኼ ግን እንግዳ አይደለም፤ ሕመማችንን ሊያይ የመጣ ሐኪም ነው። ለሐኪም ደህና ነኝ ተብሎ ይዋሻል?»

ርዕሰ መምህርቷ «ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉ።

ሰው ሁሉ እኔን አየ። «ያለንን እናሳያቸው» አልኩ። «እስኪመጡ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። አግዳሚ መሥራት ያቅተናል?»

አላቃተንም። አንዱ ባሕር ዛፍ ቆረጠ፤ ሌላው ከፈረሰ ቤቱ የተረፈ ጣውላ ይዞ መጣ። ሮቢት ከተማ ያለ ዘመዴ አናጢ ነውና መጋዙን ይዞ ደረሰልን። ሙስሊሙ ከጁምዓ ሰላት፣ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ መልስ ይሰባሰባል። ባጃጄም እንጨትና ምስማር ስታመላልስ ሰነበተች።

መምህራኑም አብረውን ዋሉ። አንድ ከሰዓት ሽማግሌው ጣውላ ይዘውለት የሦስተኛ ክፍሉ መምህር ምስማር ሲመታ «የልጅ ልጄ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ጎበዝ ነው አባባ፤ ማንበብ ግን ያስቸግረዋል።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ በምን ልርዳው?»

«ማታ ማታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎት። እርስዎ ማዳመጥ ብቻ ነው።»

ይህን የሰማን ሁሉ ቤታችን ገብተን ልጆቻችንን «እስቲ አንብቡልን» አልን። የእኔው ትንሹ ቃል በቃል እየተንገዳገደ ሲያነብ ሳየው ደነገጥኩ። ለካ ደብተሩን እንጂ ልጄን አላየሁም ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቢበዛም ሳያነብልኝ አይተኛም፤ አሁንማ «ና ስማኝ» እያለ እሱው ያስቸኩለኛል።

ቀኑ ደርሶ ከኢንስፔክሽን አንድ ተቆጣጣሪ መጡ። ሦስተኛ ክፍል ገብተው አንዱ አግዳሚ ላይ ቁጭ ቢሉ ዘመም አለባቸውና ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸውም ሳቁ።

«ማነው የሠራው?»

«አባቶቻችን! መምህራችንም!» ክፍሉ ተናወጠ።

ውጭ ቆመን ስንጠብቅ ተቆጣጣሪው ሽማግሌውን «እዚህ የሚመጡት መቼ መቼ ነው?» አሏቸው።

«ድሮ ልጁ ሲያጠፋ ነበር የምጠራው» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ሳልጠራ እመጣለሁ።»

ኋላ ያገኙትን ሳይሸፋፍኑ ነገሩን። አግዳሚው ዴስክን አይተካም፣ መጽሐፍ አይበቃም፣ ውሃ የለም። በወላጆች ተሳትፎና በልጆቹ ንባብ ግን ያዩትን ወደውታል። ትምህርት ቤታችን አንድ ደረጃ ከፍ አለ። ርዕሰ መምህርቷ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም እንደ ሠርግ አጨበጨብኩ።

ቲማቲም ሻጯ ግን እጇን እንዳወጣች ነበር።

«ጌታዬ፣ ንባቡስ ይሁን፤ የልጆቹ ሒሳብስ?»

«ሒሳቡ ገና ነው እመቤቴ» አሉ።

«እንዲያ ነው?» አለችና የሒሳቡን መምህር በዓይኗ ፈልጋ አገኘችው። «መምህር፣ ነገ ከገበያ መልስ እመጣለሁ። አይጥፉብኝ።»

መምህሩ እየሳቀ እሺ አላት። እኔ ደግሞ የእነዚህ ሰዎች ሰብሳቢ መሆኔ ደረቴን ነፋው። ባጃጄን አስነሥቼ ከግቢው ስወጣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጡሩምባዬን ደጋግሜ አስጮህኩት።