የሸማኔው ስም

ከማዶው ኮረብታ ላይ የነበረው መትረየስ ተኳሽ እኛን ምን ብሎ ይጠራን ነበር?

ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ዓመት ኖርኩ፤ መልሱን ዛሬም አላውቅም። እኛ ግን ለእሱ ስም አውጥተንለት ነበር። «ሸማኔው» እንለዋለን። ጥይቱ እንደ መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተመላለሰ ሸለቆውን ስለሚሸምነው ነው። ጠዋት ዐይናችንን ስንገልጥ መጀመሪያ የምንጠያየቀው «ሸማኔው ተነሥቷል?» ብለን ነበር። አንዱ ጮክ ብሎ ካስነጠሰ «ቀስ በል፣ ሸማኔው ይማርህ ይልሃል» ይባላል፤ እንስቃለን። ከመካከላችን መልኩን ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ለቤተ መጻሕፍቱ ልጆች ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህሩ በፍላሽ ፊልም ይዞ መጣ። ጦርነቱን ከወዲያኛው ወገን ወታደሮች ዐይን የሚያሳይ ነው፤ የሠሩትም እነሱው ናቸው። ንግግሩ በቋንቋቸው ነው፤ ከሥሩ በአማርኛ ይጻፋል። መጋረጃውን ዘግተን ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀልን። እኔ ከኋላ፣ ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ ሥር ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ውስጥ ኮረብታ አለ። ኮረብታው ላይ ምሽግ፣ ምሽጉ ውስጥ አንድ ቀጭን መትረየስ ተኳሽ አለ። ካልሲውን አጥቦ ድንጋይ ላይ ያሰጣል። እናቱ የላከችለትን በሶ ከጓደኛው ጋር ይካፈላል። ከታች ደግሞ ጥላዎች ይመጣሉ። ጥላዎቹ ፊት የላቸውም። ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ፣ እንደገና ይመጣሉ። እኛን ምን ብለው እንደሚጠሩን ለመስማት ጆሮዬን አቀናሁ። «እነሱ» ከማለት ሌላ ምንም አላሉም።

ከፊቴ የነበረችው ባንቺአየሁ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ዞር አለች።

«እትዬ በላይነሽ፣ እነዚህ ከታች የሚመጡት እነማን ናቸው?»

«እኛ ነን።»

«ውይ! ፊት እንኳ የላችሁም እኮ።»

«ዝም ብለሽ እዪ።»

በመጨረሻ ተኳሹ ይመታል። ጓደኛው የተኳሹን ራስ ታቅፎ እስኪሞት ድረስ ያዋራዋል። ልጆቹ አለቀሱ። የእኛ ልጆች ለሸማኔው አለቀሱ። ተነሥቼ ያን አንሶላ ከግድግዳው ላይ ልቦጭቀው ምንም አልቀረኝም። ግን የእኔ ጠባይ ዝምታ ነው። ብዕሬን አውጥቼ የፊልሙን ስሕተቶች መመዝገብ ጀመርኩ። አንደኛ፣ የጥይቱ ዝናር በማይገባበት በኩል ገብቷል። ሁለተኛ፣ ፀሐይዋ በተኳሹ ፊት ወጣች፤ በእኛ ኮረብታ ላይ ግን ከጀርባው ነበር የምትወጣው፤ የምታሳውረው እኛን ነበር። ሦስተኛውን ልጽፍ ስል እጄ ቆመ።

ሦስተኛው ስሕተት ጓደኛው ነው። ሸማኔው ሲሞት አጠገቡ ጓደኛ አልነበረም። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ጋንታችን ሠላሳ አራት ሰው ነበር። እኔ ቁስለኛ አንሺ ነበርኩ፤ ቃሬዛና የፋሻ ቦርሳ ይዣለሁ። በዚያ ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም። ሬዲዮ የምትይዘው ጥሩዬ ግን ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነው የመጣችው። የይፋግ ልጅ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው። ምሽግ በገባን በመጀመሪያው ቀን አንዲት ትንሽ ደብተር አወጣችና፣ «የክርስትና ስማችሁን አምጡ» አለችን።

ነገሩ ይህ ነው። ቄስ ሙታንን ሲያስብ በዓለም ስም አይጠራም፤ በክርስትና ስም ነው። ከእኛ የወደቀ ቢኖር መርዶው አገሩ እስኪገባ ስንት ጊዜ ይፈጃል! ስለዚህ የተረፈ ሰው ደብተሩን ይዞ ወጥቶ ስማቸውን ለቄስ ይሰጣል። ሙስሊም የነበሩት ሁለቱ ልጆችም «የእኛንም ጻፊው፣ ለእኛ ሰው ትሰጪዋለሽ» አሏት። ውላችን ይህ ነበር።

የጋንታ መሪያችን ሃምሳ አለቃ ደምሴ ግን ሳቀባት። «አንቺ ልጅ፣ ጥይት ሳይተኮስ ልትቀብሪን ነው?»

«ስምዎን ካልሰጡኝ ‹ያ ጯሂው› ብዬ ነው የማስጠራዎት፣ ሃምሳ አለቃ።»

ጋንታው በሙሉ ሳቀ። «በይ ኃይለ ማርያም ብለሽ ጻፊ» አላት፤ ጻፈች።

ለእኔ ደግሞ በዕረፍት ሰዓት በጥይት ሣጥን ክዳን ላይ፣ በከሰል ፊደል ታስቆጥረኛለች። እጄ ሲከብድባት «ቀስ! ፊደሏን እንደ ቁስለኛ አትጎትቻት» ትለኛለች። እስከ ‹ከ› ደርሰን ነበር።

ከኮረብታው ሥር ትንሽ ወንዝ ነበረች። እኛ ከታች እንቀዳለን፤ እነሱ ከላይ። ከቀኑ አሥር ሰዓት የውሃ ሰዓት ነው፤ በውሃ ሰዓት ማንም አይተኩስም። ያዘዘው ሰው የለም፤ እንዲያው የጸና ነገር ነበር። አንድ ቀን ግን በዚያው ሰዓት ሸማኔው ጀመረ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጥሩዬ ከፊቴ ሦስት እርምጃ ቀድማ ነበር። ጀሪካኗ ወደቀ። እሷም ወደቀች። ስደርስ አብቅቷል። በእጄ ውስጥ የነበረውን ፋሻ የምጠመጥምበት ቦታ አጣሁ።

ደብተሯን ከደረት ኪሷ አወጣሁ። ማንበብ ባልችልም የማን ስም በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ በቃሌ አውቅ ነበር። በስሟ አጠገብ በከሰል መስቀል አደረግኩ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፌም ምግቤም ሸማኔው ሆነ። «እጃችን ሲገባ ለእኔ ተዉልኝ» አልኩ። ሃምሳ አለቃ ደምሴ «አንቺ ቃሬዛሽን ያዢ» አለኝ እንጂ አልሳቀብኝም።

በሦስተኛው ቀን ትእዛዝ መጣ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን። በግራችን ሞርታር ነበር። ሸለቆውን ሮጠን ተሻገርን። ፀሐይዋ ከጀርባው ወጣች፤ ማየት አቃተን። ሸማኔው ሸመነ። ተኛን። ተነሣን። እንደገና ተኛን። ዳገቱ ላይ ስምንት ሰው ወደቀብን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ምሽጉን ያዝነው።

የእኛን ቁስለኛ እየፈለግኩ ጫፍ ላይ ደረስኩ። መትረየሱ በአፍጢሙ ተደፍቷል። አጠገቡ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሆዱን ተመትቷል። ልጅ እግር ነው፤ ከሃያ ሁለት አይበልጥም። ጥሩዬን የገደለው እሱ ይሁን ተረኛ ጓደኛው በምን አውቃለሁ? መትረየሱ አጠገብ ተገኝቷል፤ ለእኔ ያ በቃኝ። ደስ አለኝ። ይህን ቃል ለማሳመር አልሞክርም፤ ደስ አለኝ።

ፊት ለፊቱ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሩን አውጥቼ ዳገቱ ላይ በቀሩት በስምንቱ ስም አጠገብ መስቀል ማድረግ ጀመርኩ። ያየኛል። በጥሩ አማርኛ ተናገረኝ፤ የት እንደተማረው አልጠየቅኩትም።

«የሙታን ነው?»

«አንተ የጨረስካቸው ናቸው።»

 «እኔንም ጻፊኝ» አለኝ።

ቀጣዩን መስቀል አደረግኩ።

«ወልደ አረጋዊ ነኝ። ላገኘሽው ቄስ ስጪው።»

«ይህ የእኛ ደብተር ነው።»

«ቄስ እኮ ቄስ ነው፣ እኅቴ።»

«እኅትህን ውሃ ላይ ገድለሃታል።»

እያየኝ ደብተሩን ዘጋሁት። እያየኝ ኪሴ ከተትኩት። ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም። እስኪያልፍ ድረስ ከሣጥኑ ላይ አልተነሣሁም። እንደ ጠባቂ ነው የተቀመጥኩት፤ እንደ አስታማሚ አይደለም።

ውሃ አልጠየቀኝም። ፋሻም አልጠየቀኝም፤ ያን ዐይነት ቁስል ፋሻ እንደማያድነው እሱም እኔም እናውቅ ነበር። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስም መያዝ ለእኔ ምንም የማያስቸግረኝ ነገር ነበር። የከለከልኩትም ለዚሁ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ቃሬዛዬ ላይ ሞተ። ቀደም ሲል ትከሻውን ተመትቶ «ቀላል ነው» ብሎን ነበር። ቁልቁል ስናወርደው «ስሜ አለ አይደል?» አለኝ። «አለ፣ ሃምሳ አለቃ።» «በይ፣ ጯሂው ዝም አለ በያቸው።» ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዳነ የሚባል ጸጥተኛ ልጅ በሞርታር ሄደ። በዚያች ኮረብታ የተነሣ ከጋንታችን የሞቱት ከጥሩዬ ጋር አሥራ አንድ ናቸው።

ከሠራዊቱ ስሰናበት ጥሩዬ ያቆመችበት ላይ ማቆም አልፈለግኩም። በሃያ ስምንት ዓመቴ አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ልጆቹ «እማማ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በራሴ ዐይን መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት ነገር ያ ደብተር ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የአሥራ አንዱን ስም በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ለነፍስ አባቴ እሰጣለሁ። የምጽፋቸው በሞቱበት ቅደም ተከተል ነው። አሥራ አንደኛው ላይ ብዕሬን ሳነሣ በልቤ የምለው ነገር ነበረኝ። «ሸማኔው ዘንድሮም አልተጠራም።» በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና እገድለዋለሁ። ደስታውም አልቀነሰም ነበር።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ መምህሩ «ልጆች፣ እትዬ በላይነሽ ራሳቸው ዘምተዋል፤ እስቲ ይጠየቁ» አለ። ሁለቱን ስሕተቶች ነገርኳቸው። ባንቺአየሁ ዐይኗን እየጠረገች፣ «ልጁን የገደሉት ሰዎች ቢያውቁት ኖሮ ይጨክኑበት ነበር?» አለች።

«መጽሐፍ የወሰዳችሁ እስከ ሐሙስ መልሱ» ብዬ መጋረጃውን ከፈትኩ።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ዝርዝሩን እንደ ወትሮው ገለበጥኩ። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ብዕሬን አላነሣሁም። መስመር አሰመርኩና ከመስመሩ በታች አንድ ስም ጨመርኩ። ከዚያ በጋፋት አድርጌ፣ በገብሱ ማሳ መካከል ባለው የእግር መንገድ ወደ ገጠሯ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ።

የነፍስ አባቴ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ዐይናቸው ደክሟል፤ ግን አሥራ አንዱን ስም በቃላቸው ያውቁታል። ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አስጠግተው በጣታቸው ወረዱ።

«ዘንድሮ አሥራ ሁለት ሆኑ? ሙታን ይወልዳሉ እንዴ፣ ልጄ?»

«አንድ ጨምሬ ነው፣ አባ።»

«መቼ ያረፈ ነው?»

«ከሌሎቹ ጋር። በዚያው በጦርነቱ ቀን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ቆየ?»

«እኔ ዘንድ ታስሮ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ነገርኳቸው። ወንዟን፣ ጥሩዬን፣ ሣጥኑን፣ ደብተሩን እያየኝ መዝጋቴን። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ለንስሐ ስቀርብ እንኳ አልፈው ነበር። በመካከሉ አላቋረጡኝም።

«ስሙን ለምን ያዝሽው?»

«ሌላ የምቀማው ነገር አልነበረውም።»

«አሁንስ? ይቅር አልሽው?»

«አላልኩትም፣ አባ።»

«እንግዲያ ምን አስመጣሽ?»

«ፊልም ሠርተው አጠገቡ ሰው አስቀመጡለት። ልጆቹ አመኑት። ውሸት ነው። የነበረችው እኔ ነኝ፤ ምን እንዳለኝም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

 ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝ። የማይቀበሉት መስሎኝ ነበር።

«ይህ መስመር ምንድን ነው?»

«የእኛንና የእነሱን የሚለይ።»

«እኔ ስጠራ መስመር አልጠራም። ደግሞስ በሞቱበት ተራ ነው የምጽፋቸው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? የዚህ ተራው መጨረሻ ነው?»

አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ ያ አንገበገበኝ። ስሕተት የተገኘብኝ በራሴ ዝርዝር ላይ ነው።

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጬ በሌላ ወረቀት እንደገና ጻፍኩ። ከጥሩዬ ጀመርኩ። ዳገቱ ላይ የቀሩትን ስምንቱን አስከተልኩ። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ገና ቃሬዛዬ ላይ አልሞተም፤ አዳነም ገና በሕይወት አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ እኔ ሣጥኑ ላይ ተቀምጫለሁ። ጥሩዬ ባስጀመረችኝ ፊደል፣ በአሥረኛው ቦታ ላይ፣ ሳልጎትተው «ወልደ አረጋዊ» ብዬ ጻፍኩ።