ጌታሁን የሚወዳት ዘፈን

ባለፈው ቅዳሜ የጌታሁን ልጅ ሰርግ ላይ ሜክሲኮዎቹ ዘፋኞች ጥሩምባቸውን ይዘው ሲገቡ፣ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። ያስመጣቸው አባትየው ራሱ ነው። አንዲት ዘፈናቸውን እንደሚወዳት ለሁሉም ይናገራል። ከየት እንዳገኛት የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ኦበርን በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽግ ነበር። ጌታሁን ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቤ እሺ ካለ በኋላ ሌላ አጨ። መተዉስ ይሁን፤ “ለግሪን ካርድ ብላ ነው የተጠጋችኝ” እያለ ስሜን በየቤቱ አዞረው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ሉፔ ሜክሲኳዊት ናት። በዝናቡ ወራት እሑድ እሑድ ቤቷ ትወስደኝና፣ በቅጠል የተቀቀለ ትኩስ የበቆሎ ሊጥ በሥጋ እየበላን የአገሯን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች እናያለን። ባለ ሰፊ ባርኔጣው ሪዛም ጎረምሳ ፈረስ ላይ ሆኖ ይዘፍናል። ምን ያለ መልክ ነበረው! ጌታሁን አጠገቡ ቢቆም ፈረስ ያዡን ይመስላል። ፍቅረኛው ስትከዳው ሽጉጥ አይመዝም፤ ሙዚቀኞች ይዞ ደጃፏ ይሄድና በዘፈን ልክ ልኳን ይነግራታል።

“እኛ አገር የተከዳ ሰው እንዲህ ነው የሚበቀለው” አለችኝ ሉፔ። ወንድሟ እንዲህ ያለ ባንድ ውስጥ ዘፋኝ ነበር።

ጌታሁን ማውንትሌክ ቴራስ ከተማ አዳራሽ ይዞ ሰርጉን ሲደግስ እኔንም ጠራኝ፤ ንቀቱን እዩልኝ። ሙዚቀኞቹን በስጦታ ስም ይዤ ሄድኩ። የሉፔ ወንድም ሙሽራው ፊት ቆሞ፣ በማልክበት አፍ ሌላዋን ሳምክ፣ የሰርግህ ማር ይምረርህ እያለ አንቆረቆረው። እንግዳው ስፓኒሽ ከየት ያውቃል? እልልታው ቀለጠ። ጌታሁን ትከሻውን እየሰበቀ መጥቶ ዘፋኙ ግንባር ላይ ዶላር ለጠፈና ይደገም አለ። የገባቸው ከአዳራሹ ወጥ ቤት እጃቸውን ሳይጠርጉ የወጡት ሜክሲኮ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ፤ በሩ ላይ ተደጋግፈው ይስቃሉ። እናቱማ አቅፈው መረቁኝ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ደግ ልጅ ተባልኩ። እሱ ግን ስላልገባው በቀሌ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ያቺው ዘፈን ስትጀመር፣ ጌታሁን ከነሽበቱ እንደዚያን ጊዜው ትከሻውን ይሰብቅ ጀመር። ሙሽራዋ ልጁ ግን ስፓኒሽ ትምህርት ቤት የተማረች ናት። ጥቂት አዳመጠችና ክንዱን ያዘችው።

“ዳዲ፣ ስቶፕ። ይሄ ሶንግ እኮ ለከዳተኛ የሚዘፈን እርግማን ነው። ማን ነው የሰጠህ?”

ትከሻው ቆመ። ዓይኑ በየጠረጴዛው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። ዕድሜ ሲገፋ ልብ ይለዝባል ይባላል፤ የኔን አላገኘውም። ብርጭቆዬን አነሳሁለት፤ ከዚያም ያቺን ጉርሻ አንስቼ አጣጥሜ በላኋት።