ስንት ጊዜ ተባረሩ?

ሠራተኞቹ «ነጎድጓድ» ይሉታል፣ ያውም በሹክሹክታ። እሱ ግን ያውቃል፣ ስሙንም ይወደዋል። ነጎድጓድ ማለት የሚፈራ፣ ግርማ ሞገስ ያለው ሰው ማለት መስሎት ብዙ ዘመን ኮርቶበታል። ኋላ ሚስቱ «ዝናብ የለህም ለማለት እኮ ነው» ብላ አስረዳችው። ከዚያ በኋላም ቢሆን መውደዱን አልተወም፤ ሌላ ስም ከየት ያመጣል?

የደንብ ልብስ መስፊያ ቤት አለው። በግራና በቀኝ የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ካውያ አለ። በዚህ ቤት ሰው ማባረር እንደ እግዜር ሰላምታ ነው። ክር ከተበጠሰ ያባርራል። ኮሌታ ከተጣመመ ያባርራል። አንዴ መብራት ሲጠፋ የሚቆጣው ሰው አጥቶ አጠገቡ የቆመውን ልብስ ተኳሽ አባሯል። የተባረረው ሰው ልብሱን አራግፎ ይወጣና ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። ጥቂት ቆይቶ ነጎድጓድ ራሱ ብቅ ይልና «አንተ ሰውዬ፣ ሥራው ተቆልሎ እዚህ ትዝናናለህ?» ይለዋል። ሰውየውም ገብቶ ይሠራል። ይቅርታ የለም፣ ቂምም የለም። ነጎድጓድ ይህን የአስተዳደር ጥበብ ብሎ ይጠራው ነበር።

ጥበቡ የከሸፈው ቆራጯ ላይ ነው። ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አብራው ነበረች። ያለ እሷ ያ ቤት ቤት አይደለም፤ ነጎድጓድ መስፋት እንጂ መቁረጥ አልሆነለትም። አንዴ ሞክሮ የቆረጠው ሱሪ አንደኛው እግሩ ከሌላው ስላጠረ፣ የሱሪውን ባለቤት አንካሳ አስመስሎት ያየው ሁሉ «እግርህን ምን ሆንክ?» ሲለው ከርሟል።

ያን ዕለት የጥበቃ ሠራተኞች ሸሚዝ ትቆርጥ ነበር። ደንበኛው መጥቶ እጅጌዎቹን ሲያይ ጮኸ፤ ያዘዘው ረጅም፣ የተቆረጠው አጭር። «አጭር አድርጊው» ያላት ነጎድጓድ ራሱ ነው። ይህን ግን ያስታወሰው ቆራጯ ላይ ጮኾ ከጨረሰ በኋላ ነበር። «ውጪ! ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይሽ!» አላት። የቆራጯ ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ የቤት ቁልፍ ልትቀበል በር ላይ ቆማ ነበር።

ቆራጯ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ነጎድጓድ ትንሽ ቆይቶ እንደ ልማዱ ብቅ ቢል ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። በማግስቱም አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን በእሷ ፈንታ ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ መጥሪያ መጣ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችው ሚስቱ። «ሂድና ይቅርታ በላት።»

«ምን አድርጌ? አላባረርኳት!»

«"ውጪ" ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ? ግቢ ማለት ነው?»

ይቅርታ በነፃ ነበር፤ እሱ ግን በክፍያ ጠበቃ ያዘ። ጠበቃው ነገሩን በእርጋታ አስረዳው። ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ማስጠንቀቂያ አባሯት ከሆነ፣ «ወደ ሥራዋ መልሳት» ይባላል። ካላባረራትና ራሷ ከቀረች ግን ሥራዋን በፈቃዷ እንደለቀቀች ይቆጠራል።

«ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይበሉ። አላባረርኳትም።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አለ ነጎድጓድ። የሚመሰክሩለትም ሞልተዋል፤ በዚያ ቤት መባረር ማለት መባረር እንዳልሆነ የማያውቅ የለም።

የቢሮው ክፍል ጠባብ ነው። ወንበሮቹ ስለተጠጋጉ ነጎድጓድና ቆራጯ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ ደረሱ፤ እሷ ጣሪያውን፣ እሱ ጫማውን ያያሉ። ጉዳዩን የያዘችው የቢሮው አስማሚ መነጽሯን ከፍ አድርጋ የመጀመሪያውን ምስክር፣ ተኳሹን፣ ጠየቀችው።

«እኚህ ሰው ሠራተኛ ያባርራሉ?»

«ኧረ ሁልጊዜ!» አለ ተኳሹ፣ አለቃውን የጠቀመ መስሎት።

«እርስዎ ስንት ጊዜ ተባረሩ?»

«ማን ቆጥሮት! እኔማ የካውያው ሙቀት ሲበዛብኝ ሆን ብዬ ነው ጋሼን የማናድዳቸው። ወጣ ብዬ ነፋስ ተቀብዬ እመለሳለሁ።»

የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለው ሠራተኛ ቀጠለች። «እኛ እንኳ ወረፋ አለን። ሁላችንም ባንዴ ከተባረርን ሥራው ይበደላል።»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ነጎድጓድ ጆሮው ጋለ። የአስተዳደር ጥበብ ያለው ነገር ለካ የሻይ እረፍት ኖሯል!

«እርስዎስ?» አለች አስማሚዋ፣ ወደ ቆራጯ ዞራ።

«እኔም እንደነሱ ነበርኩ። ተባርሬ እመለሳለሁ፣ ግድም አልነበረኝ። ያን ዕለት ግን ልጄ ቆማ ነበር። ቤት ስንገባ "እማዬ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት? በማግስቱ እንደ ወትሮው ብመለስ፣ እናቷ እንዲህ ብትባልም ምንም አይደለም ብላ ማደጓ አይደል?»

አስማሚዋ ወደ ነጎድጓድ ዞረች። «እንግዲህ አንዱን ይበሉኝ። አላባረርኳትም ካሉ፣ ሥራዋን በፈቃዷ ለቃለች ብዬ ነገሩን እዘጋዋለሁ።»

ጠበቃው በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ነጎድጓድ አፉን ከፈተ፤ ያን ጊዜ ነው የገባው። ካሸነፈ ቆራጯ ትሄዳለች፣ ከተሸነፈ ትመለሳለች። በገንዘቡ ሰው ቀጥሮ እሷን ሊያጣ ሲሟገት ከርሟል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእሱ ነበር፤ ወረቀቱስ ወረቀት ሆኖ ነው። አፈረ። ደግሞም ናፍቃዋለች።

«አባርሬያታለሁ» አለ። «ያለ ጥፋቷ። አጭር አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ጠበቃው ግንባሩን ያዘ። አስማሚዋ ወደ ሥራዋ ትመለስ አለች። ቆራጯም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው።

«እመለሳለሁ፣ ጋሼ። ግን አሁን ያሉትን ለልጄ ይንገሩልኝ።»

ወደ ቆራጯ ቤት መንገዱን ሙሉ ንግግር ሲያዘጋጅ ሄደ፤ ሲደርስ አንዱም ትዝ አላለውም። ልጅቱ መስኮቱ ስር ካለው ጠረጴዛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ብድግ አላለችለትም።

«እናትሽ ምንም አላጠፋችም» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ እሱን አየችው፣ ከዚያ እናቷን። «እማዬ፣ ያጠፋ ሰው አይደል የሚባረረው?»

«ነው።»

«እሳቸውን ታዲያ ማን ያባርራቸዋል?»

«ማንም። ቤቱ የሳቸው ነዋ።»

«ለዚህ ነዋ የሚጮኹት» አለች ልጅቱ፣ ወደ ደብተሯም ተመለሰች።