ቦረቦሩ አፋፍ ላይ የበቀለው ቀንጠፋ

ግቢሽ ውስጥ ቀንጠፋ ታሳድጊያለሽ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አብዷል እል ነበር። እሾሁ መንጠቆ ነው፤ አንዴ ከያዘ ልብስም ሥጋም አይለይም። እዚህ ጭሮ ከተማ ውስጥ ሰው ቆርጦ ለአጥር ሲከምረው እንጂ ሲንከባከበው አይቼ አላውቅም።

ያመጡልኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሐጂ። ከሁለታችንም ቤት ጀርባ ቦረቦር አለ። በየክረምቱ አፈሩን እየቦጨቀ ማድቤቴ ሊደርስ ስድስት እርምጃ ቀርቶት ነበር። ልጆቼ የሚጫወቱት እዚያው ስለሆነ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ነፍሴ አትቀርልኝም። ታዲያ አንድ ቀን ሐጂ ከቦኬ፣ ከትውልድ መንደራቸው ጫካ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ቀንጠፋ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በሚኒባስ መጡ። የወጋው ተሳፋሪ ሁሉ ሲረግማቸው እንደመጣ እየሳቁ አጫወቱኝ። ሥሩ አፈር ይይዛል ብለው በእኔ በኩል አፋፉ ላይ ተከሉት።

እኔ ደግሞ ገና ሳይጸድቅ ጉድ ሠራሁት። እኛ አገር ጫት ማሳደግ የለመደ ሰው ተክል ሁሉ ጫት ይመስለዋል። ሐጂ ገለምሶ ዘመድ ጥየቃ በሄዱበት ሁለት ሳምንት፣ ቶሎ ቅጠል ያውጣ ብዬ ጠዋት ማታ በውሃ አጥለቀለቅኩት። ቢጫ ሆኖ ረገፈ። ሲመለሱ አፍሬ ነገርኳቸው። አፈሩን አንስተው አሸተቱና ሂርና ጫት ገበያ ወስደሽ ልትሸጭው ነበር ወይ ብለው አሾፉብኝ። ከዚያ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ቀደዱ፣ ግንዱን ጉልበት ድረስ ቆረጡት፣ ጣሳዬንም ቀሙኝ።

በበልግ አቆጠቆጠ። እሾሁ ሲይዘኝ ስጎትት እጅጌዬ ተቀደደ፤ እሳቸው ግን ወደ ኋላ አትጎትቺ፣ ወደሱ ተጠጊለት፣ ራሱ ይለቅሻል አሉኝ። እውነትም ለቀቀኝ! በዚያ እርጅናቸው ጓንት ሳያደርጉ የልጅ ፀጉር እንደሚያበጥር ሰው ነበር የሚገቡበት። ረጃጅሙን ሐረግ ሁሉ ወደ ማድቤቴ አቅጣጫ እያጎነበሱ ወገቡን አፈር አልብሰው ድንጋይ ይጭኑበታል፤ እዚያም ሥር ይሰድዳል። በሦስተኛው ዓመት በጋ ፍሬው ቀልቶ አፋፉን ሸፈነው። እንዴት ያምራል! ቆሜ ሳየው ሥራ እፈታለሁ።

ዘንድሮ ክረምት አንድ ከሰዓት ዝናቡ ዶፍ ሆነ። ልጆቼን አቅፌ ጠበቅኩ፤ ቦረቦሩ ቢጮህም የእኔ አፋፍ ንቅንቅ አላለም። ላመሰግናቸው በመሃላችን ባለው የቆርቆሮ አጥር ዞሬ ሮጥኩ። ሐጂ በዝናቡ ቆመዋል። ከቤታቸው ጀርባ ባቄላ የዘሩበት መደብ የለም፤ ቦረቦሩ እስከ መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ድረስ በልቶታል።

«ሐጂ፣ እርስዎ ጋስ ለምን አልተከሉም?» አልኩ።

«ከጫካው የቀረው አንድ ብቻ ነበር ልጄ። ሕፃናት ያሉት ደግሞ አንቺ ጋ ነው።»

በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ዞሬ የእሳቸውን አፋፍ አላየሁም ነበር።